የእማ ጠይባ ቅቤ

መካነ ሰላም፣ ህዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለፈርሂያ፣ ካለሽበት ሴኡል፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱ። ጎረቤት ጎረቤቱን «እንዴት አደርክ» በማይልበት በዚያ ሩቅ አገር አላህ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ የሄድሽበትን ትምህርት ጨርሰሽ ለአገርሽ ያብቃሽ። እኛ፣ ለፈጠረን ምስጋና ይግባውና፣ አለን። እናትሽ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችሽ እህቴ ጠይባም ደህና ናት። የሷን ሰላምታ ከኔ አስቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ፤ ይህንን ሳነብላት መቆጣቷ አይቀርም።

ስልኩ ከተቋረጠ ሁለት ወር ሞላው። እንደ ድሮው ወረቀት ላይ ወድቀናል። ሠላሳ ዓመት ጠመኔ ለያዝኩት ለኔ እንዲያውም ደስታ ነው፤ የሚያነብልኝ እንጂ የምጽፈው አላጣም። ይህንን የደጎሎ መስመር ሹፌር ሀምዱ ይዞት ይወርዳል። አዲስ አበባ ያለችው እህቱ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች፤ ያንቺንም መልስ በወረቀት አውጥታ ለሱ ትሰጠዋለች። መንገዱ ክፍት ከሆነ በሳምንት ይደርሳል፤ ከተዘጋ የሚያውቀው አላህ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ምራቴ በዛች ነፍሰ ጡር ናት፤ አራት ወሯ ነው። ልጄ አህመዲን መስከረም ላይ ለሥራ ሪያድ ከሄደ በኋላ ነው ያወቅነው። ደስ ሊለን ሲገባ ቤቱ ጭር ብሏል። የመጀመሪያውን ልጅ በአስራ ዘጠኝ ቀኑ፣ ሁለተኛውን በአስራ አራት ቀኑ መቅበራችንን ታውቂያለሽ። ሁለቱም ሲወለዱ ድንቡሽቡሽ ያሉ ነበሩ። አገሩ ሁሉ «ሾተላይ አለባት፤ ልጆቿን የሚበላው የራሷ ደም ነው» ይላል። ውኃ ስትቀዳ እንኳ እርጉዝ ሴቶች ይሸሿታል። ልጅቱ ገና ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሳቅ ታበዛ ነበር፤ አሁን ሆዷን በነጠላ ሸፍና ጥግ ጥጉን ነው የምትሄደው።

ለሾተላይ መርፌ አለ ይባላል። እዚህ ጠይቄ አጣሁ። አንቺ የምትሠሪው በበሽታ ላይ ነውና እዚያ ካለ ፈልገሽ ላኪልን። ሌላ ነገር አልጠይቅሽም፤ እልክልሃለሁ ያልሽኝ ጃኬትም ይቅር።

ሳልሰናበትሽ ላስቅሽ። ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ፣ ለናንተ ጥናት ነው ብለው ሰዎች መጥተው ከየቤቱ ሰገራ ሰብስበው ነበር። «ለፈርሂያ ጥናት» ሲባል ማን እምቢ ይላል? ስም አይጻፍም ብለው ለየሰዉ ቁጥር ሰጡን፤ ጠይባ መቶ አስራ ሰባት ሆነች። ከዚያ ወዲህ ስትቆጣኝ «መቶ አስራ ሰባት፣ ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ» እላታለሁ፤ ዱላዋን ታነሳብኛለች።

አጎትሽ መሐሙድ


ሴኡል፣ ህዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ። ለእርስዎ ዕድሜ፣ ለእማ ጠይባ ጤና፣ ለበዛች የሚያድግ ልጅ አላህ ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ስልኬ ላይ ሲገባ ከቃሉ በፊት ያየሁት የእጅ ጽሑፍዎን ነው። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ በቀይ እስክሪብቶ «ሰንፈሻል» ብሎ የጻፈብኝ ያው እጅ ነው። ላብራቶሪው ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ፤ ጓደኞቼ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ነበር።

ስለ መርፌው እውነቱን ልንገርዎ። ሐኪም ሾተላይ የሚለው የእናትና የልጅ ደም አልስማማ ሲል ነው፤ መርፌውም የሚሰጠው የእናትየው ደም ኔጌቲቭ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ አስቀድመው የበዛችን የደም ዓይነት ያስመርምሩ። ፖዘቲቭ ከሆነ መርፌው አይረባትም። ደግሞም በዚያ የሚጎዳ ልጅ ገና ሲወለድ ቢጫ ይሆናል እንጂ ድንቡሽቡሽ ብሎ ሰንብቶ በሁለተኛ በሦስተኛ ሳምንቱ አይሞትም። ልጆቹ ሲታመሙ ትኩሳት ነበራቸው? ሆዳቸው ተነፍቶ ነበር? ያስታወሱትን ሁሉ ይጻፉልኝ።

እማ ጠይባ «እዚያ ምን ትሠሪያለሽ» እያለች ስትጠይቀኝ መልሴ አይገባትም ነበር። እንዲህ ይበሉልኝ። ሳልሞኔላ የሚባል በዓይን የማይታይ ተህዋስ አለ። ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ከእንቁላልና ከጥሬ ሥጋ መጥቶ ሆድ ያስኬዳል፤ አንዱ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ እኛ የአንጀት ተስቦ የምንለውን ያመጣል። እኔ የምከታተለው ይህንን ነው። ከታመመ ሰው ደም ወይም ከጤነኛ ሰው ሰገራ የተገኘውን አዲስ አበባ ላይ አብቅለው ዘሩን ይልኩልኛል፤ እኔ ያንን ዘር ፊደል በፊደል አነባለሁ። የትኛው ከየትኛው እንደተወለደ፣ የትኛውስ መድኃኒት እንደለመደ ከዚያ ይታወቃል።

የእናንተ አካባቢ ናሙና ገና አሁን ደረሰኝ። የማየው ቁጥር ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ ማወቅ ክልክል ነው። እርስዎ ግን የእማ ጠይባን ነግረውኝ አረፉት። እንግዲህ 117 ላይ ስደርስ ዱላዋ ይታየኛል።

ልጅዎ ፈርሂያ


መካነ ሰላም፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፈርሂያ፤

አላህ ከክፉ ዓይንም ከብርዱም ይሰውርሽ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ታኅሣሥ ሲያልቅ ነው፤ ሀምዱ ደጎሎ ላይ መኪናውን አቁሞ ሦስት ሳምንት ተቀምጧል። እስከዚያ ጠይባ በየቀኑ «ልጄ ጽፋለች ወይ» እያለች አደከመችኝ።

በዛችን ሆስፒታል ወስጄ አስመረመርኩ። ደሟ ኦ ፖዘቲቭ ነው። አንቺ እንዳልሽው ከሆነ ሾተላይ አይደለም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ይሄ ካልሆነ ምንድን ነው? ወረቀቱን ለሰዉ ባሳይ ማን ያምነኛል። ሾተላይ በወረቀት አይታይም ይሉኛል።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ሁለቱም ትኩሳት ነበራቸው፤ ከእሳት ዳር የተነሳ ድንጋይ ነው የሚመስሉት። ሆዳቸው ተነፋ፤ ጡት እምቢ አሉ፤ በሦስት በአራት ቀን አለቁ። ለሁለተኛው ሆስፒታሉ ከሚሰጠው መርፌ ሁሉ ሰጥቶታል፤ ደሙንም ለዚያው ጥናት ብለው ቀድተው ነበር። እኛ ብቻ አይደለንም። የዲያቆን አራጌ የበኩር ልጅም እንዲሁ በሁለት ሳምንቱ ሄደ፤ ከታች ሰፈርም አንዲት ሴት ልጇን እንዲሁ አጥታለች።

ጠይባ አርጅታለች፤ ሰው ግን አልተዋትም። ማዋለዱን ሆስፒታሉ ከወሰደባት ወዲህ የቀረላት ቅቤ ማዋጡ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጁን ታቅፎ ደጃችን ይቆማል። ያው እንደምታውቂው፣ ራሷ የናጠችውን ቅቤ በጣቷ ጠቅ አድርጋ፣ ቢስሚላህ ብላ ሦስት ጊዜ ታውጣለች። «አንጀቱ ይለስልስ፣ ምላሱ ይጣፍጥ» ትላለች። አንቺንም፣ አህመዲንንም፣ የግማሹን ከተማ ልጅ ያዋጠች እጅ ናት። ቅባት ስትበላ በቀኝ ጎኗ ይወጋታል፤ ሌላ ሕመም የላትም።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። ጠይባ በዛችን ወደ ወላጆቿ፣ ወደ ከላላ እንድንመልሳት ትፈልጋለች። ክፋት የለባትም፤ ለአህመዲን ዘር ፈልጋ ነው። «ልጅቱ ደግ ናት፤ ማህፀኗ ግን መቃብር ነው» አለችኝ፤ በዛች ከጓዳ ሆና ሰምታለች። ለአህመዲንም ይህንኑ በሀምዱ ስልክ በድምፅ ቀድታ፣ ኔትወርክ ያለበት ሲደርስ እንዲልከው አድርጋለች። ይኸኛው ልጅ ካልቆመ በዛች እዚህ ቤት አትውልም። አንቺ የተማርሽው ለዚህ ካልሆነ ለምንድን ነው? የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት እኛ ነን።

አጎትሽ መሐሙድ


ሴኡል፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምና ጤና ለቤቱ ሁሉ ይሁን።

አጭር ነው የምጽፈው፤ ይቅር ይበሉኝ። በናሙናዎቹ ላይ ያየሁት ነገር አለ። ምን እንደሆነ መጻፍ አልችልም፤ ስሠራ የፈረምኩት ደንብ አለ። ለኃላፊዬ አመልክቻለሁ፤ በሚገባው መንገድ ለእናንተ እንዲነገር የሚወስን ኮሚቴ አለ፤ እሱን እየጠበቅሁ ነው።

እስከዚያው አንድ ነገር ብቻ ይስሙኝ። የበዛች ልጅ ሲወለድ ከእናቱ ጡት በቀር ምንም ነገር አፉ እንዳይገባ። ቅቤ አይዋጥ። ውኃም፣ ጤና አዳምም፣ ስኳርም አይሁን። የማንም ሰው ጣት አፉን አይንካ። ማንም ሲባል ማንም ነው።

እማ ጠይባን ደግሞ ለጎኗ ውጋት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱልኝ፤ ሐሞቷ ይታይ። ደሴ መውረድ ከተቻለ ደሴ ይሻላል። ለምን ብለው አይጠይቁኝ።

በዛችን እቅፍ አድርገው ይሳሙልኝ።

ፈርሂያ


መካነ ሰላም፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፈርሂያ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽን እንጃ፤ ከደብዳቤሽ ማወቅ አልቻልኩም። እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ ነው የጻፍሽው።

እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ጠይባ እዚያው ነበረች፣ በዛችም፣ ጎረቤትም። «ቅቤ አይዋጥ» የሚለው ላይ ስደርስ ጠይባ ሳቀች። «እኔ ያዋጥኳት ናት እንዲህ ያወቀችው» አለች። «የማንም ሰው ጣት አፉን አይንካ» የሚለውን ከሰማች በኋላ ግን ዕለቱን እህል አልቀመሰችም። በማግስቱ «ልጄ ጣቴን ተጸየፈችው» አለችኝ። ወላሂ፣ ስድሳ ስምንት ዓመት ሳውቃት እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም።

ቅቤ መጥፎ ነው የሚለውን ነርሶቹም ይሉናል፤ እሺ እንላለን፣ እቤት ስንገባ እናውጣለን። አገሩ ሁሉ በቅቤ አድጓል። አንቺ ግን የምትይው ሌላ ነገር ነው፤ ይሸተኛል። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ይባላል፤ ያንቺ ግን ምሳሌም ብርሌም የለው። ያየሽውን አይተሻል፤ ለኛ ግን አትነግሪንም። ደንቡ ያሰረሽ ከኛ ጋር ነው ወይስ ከነሱ?

ሐኪም ዘንድ ሂጂ ብላት «ምን አለኝና» አለችኝ። ደሴ የሚወርድ መኪና የለም።

በዛች ግን ቃልሽን ይዛዋለች። ወረቀቱን ከኔ ተቀብላ ልብሷ መሐል አስቀምጣዋለች። ማንበብ እምብዛም አትችልም፤ ያቺን ቦታ ግን በጣቷ ታውቃታለች። ሊደርስላት ነው፤ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ነው የሚሉት።

መርፌውን ተይው። አሁን የምለምንሽ ለአህመዲን እንድትጽፊለት ነው። በጠይባ መልእክት ልቡ ከብዷል፤ አንቺን ግን ይሰማል። ሚስትህን አትፍታ በይው።

መሐሙድ


ሴኡል፣ መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፤

ይህንን ደብዳቤ ለብቻዎ ያንብቡት። ከሰው መሐል ሆነው ከጀመሩት እዚህ ላይ ያቁሙና ይነሱ።

ደንቡን አሁን እየጣስኩ ነው። ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ፣ ነገሩ በአካባቢው ጤና ሠራተኞች በኩል ይነገር ብሎ ወስኗል፤ ስልክ ስለሌለ እስካሁን ያገኛቸው የለም። የበዛች ቀን ደርሷል። ከዚህ በላይ መጠበቅ አልችልም።

ከሕፃናት ደም የተገኙ ሦስት ናሙናዎች አሉ። አንዱ የበዛች ሁለተኛ ልጅ እንደሚሆን ከቀኑ አውቃለሁ። ሌሎቹ እርስዎ የጻፉልኝ ሁለቱ ይመስሉኛል። ሦስቱም የአንጀት ተስቦ ነው። የዚህ ተህዋስ ዘር ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጋ ፊደል አለው። በሦስቱ ሕፃናት መካከል የተለየው ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ከአንድ ሰው የወጡ ናቸው። ያ ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ከጤነኞቹ ሰገራ የተገኘውን አነበብኩ። 117 ነው። አምስት ጊዜ ደግሜ ሠራሁት።

እማ ጠይባ ከስድስት ዓመት በፊት በተስቦ ታማ ተርፋ ነበር፤ ያስታውሱታል። በሽታው ከአንዳንድ ሰው ጨርሶ አይወጣም። ሐሞት ከረጢት ውስጥ፣ በተለይ ጠጠር ካለበት፣ ይደበቃል። ሰውየውን አያመውም፤ ትኩሳት የለው፣ ምን የለው። ከሰገራው ጋር ግን ይወጣል፤ ከዚያ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ቅቤ። እጇን ብትታጠብም በምትቀዳው ውኃ ያህል ነው። ለአዋቂ ጥቂቱ ላይጎዳ ይችላል። የሰባት ቀን ልጅ ግን ምን አቅም አለው?

ጥፋት የለባትም። ይህንን መቶ ጊዜ ብጽፈው ደስ ይለኛል። የምታውቀው ነገር አልነበረም። የሚታከም ነው፤ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የተለመደው እንክብል አይገድለውም፣ ለምዶታል፤ የሚሠራ ሌላ አለ፣ ለጤና ሠራተኞቹ የሚሰጥ ስሙን ለብቻ ጽፌያለሁ። በዛችም ጥፋት የለባትም። ሾተላይ የሚባል ነገር እዚያ ቤት ኖሮ አያውቅም።

ለእማ ጠይባ ይንገሯት ወይም አይንገሯት እኔ አላውቅም፤ አሳድጋኛለች፣ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን አፌ ይያያዝ ነበር። ልጁን ግን ከጣቷ ያርቁልኝ።

ፈርሂያ


መካነ ሰላም፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፈርሂያ፤

አላህ ያጽናሽ። እኛንም።

ደብዳቤሽ ግንቦት 3 ቀን ደረሰኝ። ሀምዱ ሲሰጠኝ ቤታችን ድንኳን ተጥሎ ለቅሶ ላይ ነበርን። እሱ የመሰለው የማጽናኛ ወረቀት ነው።

ሚያዝያ 12 ቀን ሴት ልጅ ተወለደች። ሆስፒታል ነው የወለደችው፣ በደህና። በዛች እንዳልሽው ነው የያዘቻት። ውኃ አላስነካቻትም። ጠይባ ቅቤዋን ይዛ ስትመጣ በመጀመሪያው ቀን ልጇን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ጠይባ ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ደጅ ተቀምጣ ትውላለች።

በሰባተኛው ቀን አቂቃ አርደን ስም አወጣን። ሰዉ ሁሉ መጥቶ ነበር፤ ዲያቆን አራጌም ሳይቀር። ጠይባ በገዛ ቤቷ እንደ እንግዳ በር ላይ ተቀምጣ፣ የቀረበላትን ሳትነካ። ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። እህቴ ናት፤ አባታችን ሲሞት ባል ሳታገባ እኔን ያስተማረችኝ ናት። አላስቻለኝም። ገብቼ ልጅቱን ከበዛች እቅፍ ወሰድኩ። «አባ፣ ፈርሂያ የጻፈችውን ረሱት?» አለችኝ። «እሷ ሩቅ ናት፤ ጠይባ እዚህ ናት» አልኳት። በራሴ እጅ ወስጄ ጠይባ ጭን ላይ አስቀመጥኳት። ሰዉ እልል አለ። ጠይባ እያለቀሰች አዋጠቻት።

ሚያዝያ 28 ቀን ትኩሳቱ ጀመራት። ግንቦት 1 ቀን ቀበርናት። ስሟን ፈርሂያ ነበር ያልናት፤ አንቺን እንደ መካስ አድርጌ።

በዛችን ትናንት ወንድሟ መጥቶ ወሰዳት፤ እኔም ዝም አልኩ። ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነበር። ስትወጣ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ቤት እየጠሩ ያስገቡ ነበር።

ለጠይባ አልነገርኳትም። አልነግራትም። ዛሬ ጠዋት ሰው ሌላ ሕፃን ታቅፎ መጣ፤ «አሟታል» ብዬ መለስኩት። እሷ ደህና ሆና ጓሮ ስትወጣ አየና ተቀይሞ ሄደ። አንቺም ለማንም አትንገሪ። ወረቀትሽን እኔ ይዤው ልሙት። የሞተው ሞቷል፤ የቀረችዋን አሮጊት ተዉልኝ።

መሐሙድ


ሴኡል፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፤

አላህ ሰብሩን ይስጠን። ሌላ የማጽናኛ ቃል ፈልጌ አላገኘሁም።

እርስዎ ያደረጉትን ጽፈውልኛል፤ እኔም ያደረግሁትን ልጻፍ። 117ን ያነበብኩት ጥር 22 ቀን ነው። በግልጽ የጻፍኩት መጋቢት 30 ቀን። ስልሳ ስምንት ቀን። ኮሚቴውን ስጠብቅ ነበር እላለሁ፤ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ደብዳቤዬ ጮክ ተብሎ እንደሚነበብ ስለማውቅ ነው። እሷ ስትሰማው ታየኝ። የካቲት ላይ አንድ መስመር ብጨምር ኖሮ እርስዎ ልጅቱን ከእቅፏ አይወስዷትም ነበር። እርስዎ አላወቁም። እኔ አውቄ ነው።

ደንቡን መጣሴን ለኃላፊዬ ተናግሬያለሁ። ከጥናቱ አግደውኛል፤ ተገቢ ነው። ጤና ሠራተኞቹ ግን አሁን ተገኝተዋል፤ በዚህ ወር መጨረሻ ይመጣሉ። መድኃኒቱን ይዘውላት ይመጣሉ።

ስለዚህ ዝም ማለቱ አይሆንም። «አሟታል» ብለው ስንት ሕፃን ይመልሳሉ? አንድ ቀን ገበያ በሄዱበት ሰዓት ይመጣባታል። ከእንግዳ አፍ ከምትሰማው ከወንድሟ ትስማው። ከላላ ደግሞ አንዲት ሴት በገዛ ደሟ ልጆቿን የገደለች መስሏት ተቀምጣለች። ያንን እያወቅን ልንተዋት ነው? እማ ጠይባን ልናድን ብለን በዛችን በቁሟ ቀብረናታል።

እለምንዎታለሁ።

ፈርሂያ


መካነ ሰላም፣ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለፈርሂያ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ፤ መንገዱ አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ለጠይባ ነገርኳት። ከጤና ሠራተኞቹ አንድ ቀን ቀድሜ፣ ከቀትር በኋላ ጓሮ ተቀምጠን። ያንቺን ደብዳቤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላት፤ ጥፋት የለባትም የሚለውን ሁለት ጊዜ። ስጨርስ «ስንት ናቸው?» አለችኝ። በምርመራ የታወቁት ሦስት፣ ያልተመረመሩት የኛው ሁለት አልኳት። «ስድስት ዓመት ነው ያልከኝ» አለች። «አዎ» አልኳት። «እንግዲያ አታውቁትም» አለች። ከዚያ ወዲህ ስለ ቁጥሩ አንስታ አታውቅም። መድኃኒቱን ትውጣለች፤ አራት ሳምንት ነው ብለዋታል። ለምኜም ተቆጥቼም ከኔ ጋር ከአንድ ትሪ አትበላም።

በሳምንቱ በቅሎ አስጫነችኝ። በዝናብ ነው የሄድነው። የበዛች አባት ቤት ስንደርስ ግቡ አሉን፤ ጠይባ ግን አልቀመጥም ብላ በሩ ላይ ቆመች። በዛች ምስር እየለቀመች ነበር። ጠይባ ራሷ ተናገረች፤ እኔ እንዳላግዛት በእጇ ከለከለችኝ። «ልጄ፣ ሾተላይ የለብሽም። የኔ ጣት ነው» አለቻት። የበዛች እናት መጮህ ጀመረች። አባቷ ዝም በይ አላት።

ያኔ ያልጻፍኩልሽ አንድ ነገር አለ። ሕፃኗ የታመመች ዕለት፣ «የሚገድላት ወተትሽ ነው» ብለን ከጡቷ ነጥቀናታል። ጠይባም፣ ሴቶቹም፣ እኔም። ሦስቱን ቀን የላም ወተት በማንኪያ ስናጠጣት አልወርድ እያላት ይፈስ ነበር። በዛች ጓሮ እየወጣች ጡቷን መሬት ላይ ታልበዋለች። ሕፃኗ ድምጿን በሰማች ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር።

በዛች ጠይባን ሰምታ ጨረሰች። አላለቀሰችም፣ አልረገመችንም። ወደ እኔ ዞራ፣ «እንግዲያ ወተቴ ደህና ነበር?» አለችኝ።

«ደህና ነበር» አልኳት።

«ጡት እምቢ አላለችም ነበር እኮ» አለች። «እነዚያ ሁለቱ እምቢ ብለዋል። እሷ ግን ትፈልግ ነበር።»

ምስሯን መልቀም ቀጠለች። ተነስተን ወጣን፤ የሸኘን የለም።

አህመዲን ሪያድ ሆኖ ሌላ ሴት አጭቷል። የበዛችን ነገር ብጽፍለት፣ ቃል ገብቻለሁ ብሎ መለሰልኝ። ሰፈሩም እውነቱን ሰምቶ አሁን ጠይባን ይሸሻል፤ በዛችን ግን መልሶ የጠራት የለም።

አንድ ነገር በልቤ ይመላለሳል። ያቺ ልጅ የሞተችው በበሽታው ነው ወይስ ርቧት? ጡቷን ብንተውላት ትተርፍ ነበር? አንቺ ይህንን ሳታውቂው አትቀሪም። ብታውቂውም አትጻፊልኝ።

አጎትሽ መሐሙድ